ጉንፋን የያዘው የጌም ሳጥን

የአባቴ ሱቅ ዓለም ገና፣ ከጅማው መንገድ ዳር ነው። ከባንኮኒው ኋላ ፓስታና ሳሙና የሚደረደርበት አንድ መደርደሪያ አለ። ከሌሎቹ ጠለቅ ያለ ነው፤ ጀርባውም ጥቁር ቀለም የተቀባ ጣውላ ነው። ለምን እሱ ብቻ ጥቁር እንደሆነ የሚጠይቅ ደንበኛ የለም። የፓስታውን ካርቶን ገፋ ሲያደርጉት ግን ተማሪ ስህተቱን በሚሸፍንበት ነጭ ፍሉድ የተጻፉ ስሞችና ቁጥሮች ይታያሉ። የመጨረሻው ስም የወንድሜ አይደለም። መሆን ነበረበት። ያልሆነው በእኔ ምክንያት ነው።

መደርደሪያው ድሮ የጌም ሳጥን ነበር። አባቴ መርካቶ ካለ የንግድ ወዳጁ ገዝቶ አመጣውና የሱቁ በረንዳ ላይ አቆመው። ቁመቱ ከእኔ ይበልጥ ነበር። ከላይ እንደ ቴሌቪዥን ያለ መስታወት፣ ከሥሩ ደግሞ አንድ ቀይ ቁልፍና የሰፈሩ ልጆች «ማርሽ» የሚሉት ዘንግ ነበረው። ሳንቲም ሲጎርስ አንዲት ትንሽ የጠፈር መንኮራኩር ከታች ብቅ ትላለች። ማርሹን ይዘህ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ትነዳታለህ። ከላይ ድንጋይ ይወርዳል፤ መሬት ሳይደርስ ሥሩ ሄደህ ተኩሰህ መበተን አለብህ፤ አንዱ መሬት ከነካ መንኮራኩሯ ፈንድታ ጨዋታው ያበቃል። ሌላ ነገር የለውም። እያንዳንዱ ድንጋይ ግን እያፏጨ ነው የሚወርደው። ፉጨቱ ላይ ሲሆን ቀጭን ነው፤ በቀረበ ቁጥር እየወፈረ ይመጣል።

ሳጥኑ መብራት በጠፋ ቁጥር የያዘውን ነጥብ ሁሉ ይረሳል። ዓለም ገና ደግሞ መብራት ሳይጠፋ የሚያልፍ ሳምንት አልነበረም። «ትናንት እኮ እኔ ነበርኩ የበለጥኩት» የሚል ጭቅጭቅ ሲበዛ አባቴ አንድ ዘዴ አመጣ። አዲስ ክብረ ወሰን በተመዘገበ ቁጥር ከባንኮኒው ተነስቶ ይመጣል፤ ቁጥሩን በዓይኑ ያያል፤ ከዚያም በሚያምር የእጅ ጽሑፉ ስሙንና ነጥቡን በፍሉድ የሳጥኑ ጎን ላይ ይጽፋል። እሱ ያልጻፈው ነጥብ አይቆጠርም።

ወንድሜ ስድስት ዓመት ይበልጠኛል። ሳጥኑ ሲመጣ ዓይኑ ገና ያያል፤ ግን ከዳር ጀምሮ እየጠበበ ነበር። በዓመቱ መስታወቱ ላይ ከብርሃን በቀር የሚለየው ነገር አልነበረም። መጫወቱን ግን አልተወም። ፉጨቱን ሰምቶ ድንጋዩ የት ከፍታ ላይ እንደደረሰ ያውቃል፤ በየትኛው በኩል እንደሚወርድ ግን ድምፅ ብቻውን አይነግረውም። እሱን የምነግረው እኔ ነበርኩ። ጎኑ ቆሜ በኦሮምኛ «ቢታ» ካልኩት ወደ ግራ፣ «ሚርጋ» ካልኩት ወደ ቀኝ ይሄዳል። ለምን በኦሮምኛ እንደጀመርነው አላስታውስም። ተመልካቾቹ ሊያሳስቱት በሁለቱም ቋንቋ ይጮሁ ነበር፤ እሱ ግን አይሳሳትም።

«እንዴት ትለየኛለህ?» ብዬ ጠይቄው ነበር።

«ከሁሉም ዝቅ ያለው ያንቺ ነው» አለኝ። «ሌላው ሲጮህ ያንቺ ከሥር ይመጣል።»

ዓይን አፋር ልጅ ነበርኩ። ትምህርት ቤት «ጎላ አድርገሽ ተናገሪ» ያላለኝ አስተማሪ የለም። ድምፄ ዝቅ በማለቱ ለሰው ጠቅሞ የሚያውቀው እዚያ በረንዳ ላይ ብቻ ነው።

የኢድ ዕለት ከሰዓት በኋላ ነበር። በረንዳው አዲስ ልብስ በለበሱ ልጆች ተጨናንቋል። ወንድሜ ከማንኛውም ቀን የተሻለ እየተጫወተ ነው። የመጨረሻውን ክብረ ወሰን ለማለፍ ጥቂት ድንጋይ ብቻ ቀርቶታል። የክብረ ወሰኑ ባለቤት በሰበታ ሚኒባስ ላይ ረዳት የሆነ ጎረምሳ ነበር፤ ከኋላችን ቆሟል።

«አሃ፣ ለካ ወያላ ቀጥሯል» አለ።

ተሳቀ።

«ወያላዋ፣ አይሰማም እኮ። ሰበታ ሰበታ በይ እንጂ።»

«አንድ ሰው የቀረው በይ» አለ ሌላው።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ፊቴ ጋለ። ያ ሁሉ ሰው የሚያየው መስታወቱን ሳይሆን እኔን መሰለኝ። ድንጋዩ በግራ በኩል ሲወርድ አይቼዋለሁ። ቃሉ አፌ ውስጥ ነበር፤ አልወጣም።

«የት ነው?» አለ ወንድሜ በቀስታ። ፉጨቱ ወፈረ። «ሚጡ፣ የት ነው?»

መንኮራኩሯ ስትፈነዳ የምታሰማውን ድምፅ ሁሉም ያውቀዋል። ልጆቹ ጮኹ። ወንድሜ እጁን ከማርሹ ላይ አነሳና «ውሃ ጠጥቼ ልምጣ» ብሎ ግድግዳውን እየዳሰሰ ወደ ውስጥ ገባ። አልተመለሰም። ከዚያ ቀን በኋላ ሳጥኑን አልነካውም። እኔንም አልተቆጣኝም፤ ቢቆጣኝ ይሻል ነበር።

በዚያው ዓመት ሰበታ ወደሚገኘው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ገባ። ሳጥኑ በሚቀጥለው ዓመት መስታወቱ ተቃጠለ። አባቴ አናጺ ጠርቶ «ጣውላው ጥሩ ነው» ብሎ መደርደሪያ አስደረገው፤ የውስጡን የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ፣ ማርሹንና ቀዩን ቁልፍ በስኳር ጆንያ ጠቅልሎ መጋዘን ከተተ። አባቴ ዕቃ አይጥልም። ወንድሜ አድጎ እዚያው ሰበታ አንድ ፋብሪካ ውስጥ የስልክ ኦፕሬተር ሆነ፤ አገባ፤ ሴት ልጅ ወለደ። ስለዚያ የኢድ ቀን ግን እሱም አላነሳም፣ እኔም አላነሳሁም።

እኔ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ኤሌክትሪካል ምህንድስና ተማርኩ። አሁን ከዓለም ገና እየተመላለስኩ አዲስ አበባ እሠራለሁ። ዓይን አፋርነቴ አልለቀቀኝም። ሚኒባስ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት ከብዶኝ፣ ሌላ ሰው እስኪወርድ እየጠበቅሁ ሁለት ፌርማታ አልፌ በእግሬ የተመለስኩባቸው ቀናት ጥቂት አይደሉም።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት አንድ የሥራ ባልደረባዬ በላፕቶፑ የድሮ ጌም ሲጫወት አየሁ። ኢሙሌተር በሚባል ፕሮግራም ነው የሚጫወተው። ኢሙሌተር አዲሱን ኮምፒውተር አሮጌ ማሽን እንደሆነ አድርጎ የሚያስመስል ፕሮግራም ነው፤ ጌሙ የተቀመጠበትን ፋይል ስትሰጠው ያ ማሽን ይሠራው የነበረውን ሁሉ አንድ በአንድ ይሠራል። ስለ ቴክኒኩ ብዙ ጠየቅሁት። ለምን እንደምጠይቅ ግን አልነገርኩትም። ማታ ሚኒባስ ውስጥ ስለ አንድ ነገር ብቻ ነበር የማስበው፤ ወንድሜ ያቺን ጨዋታ እንዲጨርስ ማድረግ እችል ይሆን?

ፋይሉን ከኢንተርኔት ማውረድ ይቻላል። ግን የማን መብት እንደሆነ ሳላውቅ ማውረድ አልወደድኩም፤ ደግሞም የራሳችን ቦርድ መጋዘን ውስጥ ነበር። ከጆንያው አወጣሁት። ጌሙ የተቀመጠባቸው ቺፖች እግራቸው ዝጓል። በእርሳስ ላጲስ እየፈገፈግሁ አጸዳኋቸውና ቢሮ ባለው የቺፕ ማንበቢያ አንድ በአንድ አስነበብኳቸው። ቦርዱ ላይ አንዲት ትንሽ ብረት ከሌላው በተለየ ብየዳ እንደተያዘች አይቻለሁ፤ ግን አልተጨነቅሁበትም። ማርሹንና ቁልፉንም አንድ ጣውላ ላይ በብሎን አሰርኩና ከላፕቶፑ ጋር አገናኘኋቸው። መንኮራኩሯ ከታች ብቅ ስትል ብቻዬን ሳቅሁ።

ወንድሜ እሁድ እሁድ ከሰበታ ይመጣል። የሱቁ ጓዳ ውስጥ አስቀመጥኩትና ምንም ሳልነግረው እጁን ማርሹ ላይ አደረግሁለት። ዳሰሰው። አወቀው። ከዚያ የመጀመሪያው ድንጋይ አፏጨ፤ ወንድሜ ግንባሩን ቋጠረ።

«ቀጥኗል» አለ።

«ምኑ?»

«ድምፁ። ይሄ የእኛ አይደለም። የእኛው ጉንፋን ነበረበት።»

«ከራሳችን ቦርድ ነው ያወጣሁት። ምንም አልቀየርኩም።»

«እሱን አላውቅም። እኔ ሰው የምለየው በድምፅ ነው፤ ደሞዝ የሚከፈለኝም በዚሁ ነው። የእኛው የሚያፏጨው እንደ ሽማግሌ ነው። ይሄ ማንቆርቆሪያ ነው።»

ቢሆንም ሞከረው። አልሆነም። «ቢታ» ብዬ ሳልጨርስ ድንጋዩ መሬት ይደርሳል። ሦስት ጊዜ ተሸነፈ። ሦስቱንም ጊዜ እኔ ዘገየሁ። በመጨረሻ ማርሹን ቀስ አድርጎ ወደ እኔ ገፋውና «ተይው ሚጡ፤ ልጄ ትጫወትበታለች፤ ጥሩ ሥራ ነው» አለኝ። ይህን ያለበትን ለስላሳ ድምፅ አውቀዋለሁ። ውሃ ጠጥቼ ልምጣ ያለበት ድምፅ ነው።

ያቺን በተለየ ብየዳ የተያዘች ብረት ያስታወስኩት ያኔ ነው።

ሳጥኑን የሚጠግኑት ሰበታ ያሉ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። አገሩ ሁሉ ኦቦ ራዲዮ ነው የሚላቸው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ቦርዱን ይዤ ሄድኩ። በራቸው ላይ ቆሜ እንዴት እንደምጀምር ሳስብ እሳቸው ቀድመው አዩኝ።

«አካም ጂርታ፤ ግቢ እንጂ። የማን ልጅ ነሽ?»

የማን ልጅ እንደሆንኩ ነገርኳቸው። ቦርዱን ከእጄ ተቀብለው ወደ መስኮቱ አስጠጉና ማጉያ መነጽራቸውን አደረጉ። ወዲያው ሳቁ።

«ይቺን ያስገባኋት እኔ ነኝ። ክሪስታል ናት፤ የማሽኑ ልብ በያት። የፊተኛዋ ሞተች፤ እኔ ዘንድ ደግሞ ትክክለኛዋ አልነበረችም። ከተጣለ የቪዲዮ ማጫወቻ ነቅዬ ይቺን አደረግሁ። ቁጥሯ ትንሽ ያንሳል። ስለዚህ ልቡ ቀስ ብሎ ይመታል፤ ጨዋታው ይዘገያል፣ ድምፁም ይወፍራል።»

«ትክክለኛዋን ሳያገኙ ቀሩ?»

«አገኘሁ እንጂ። በሳምንቱ ከመርካቶ አመጣሁ። ተወው ያለኝ አባትሽ ነው።»

«ለምን?»

«እኔም እንዳንቺ ለምን አልኩት። በአንድ ሳንቲም ብዙ ይቆዩብሃል፣ ነጋዴ አይደለህም ወይ አልኩት። ‹እንዲህ ሲሆን ልጁ ይደርስበታል› አለኝ።» መነጽራቸውን አወለቁ። «የትኛው ልጅ ብዬ አልጠየቅሁም። ስለ ልጁ ዓይን አባትሽ ያኔ ገና ለማንም አልተናገረም ነበር።»

ስመለስ ባጃጁ ውስጥ ቦርዱን ጭኔ ላይ አድርጌ በልቤ አሰላሁ። አንድ ድንጋይ ከላይ እስከ ታች ሲወርድ የሁለቱ ክሪስታሎች ልዩነት ከግማሽ ሴኮንድ ያንሳል። አንዲት ቃል ለመናገር ግን ይበቃል። አባቴ ይህን አስቦ አይመስለኝም፤ እሱ ያሰበው የልጁን ዓይን ነው። ነገር ግን እኔ ለዓመት ያህል ቃሌን ሳስቀምጥ የኖርኩት እሱ በተወልኝ በዚያ ትንሽ ቦታ ውስጥ ነበር።

ሱቅ ስደርስ ጠየቅሁት።

«አባዬ፣ ጌሙ ሳጥን ውስጥ ትክክለኛውን ክሪስታል አታስገባ ብለህ ነበር?»

«ክሪስታል ምንድን ነው?»

«ኦቦ ራዲዮ ናቸው የነገሩኝ።»

«እሱ ሰውዬ አርጅቷል» አለና ወደ ባንኮኒው ዞረ። «ይልቅ ለእትዬ ሳሙና ስጫቸው፤ ቆመዋል።»

የእኔ ስህተት ይህ ነበር። ኢሙሌተሩ የሚያውቀው ከፋብሪካ የወጣውን ማሽን ነው። ሰበታ ተጠግኖ፣ ዓለም ገና በረንዳ ላይ አንድ አባት ተወው ያለውን ማሽን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ጌሙን በትክክል ስላስነበብኩ በትክክል የመለስኩት መስሎኝ ነበር። ማታ የክሪስታሏን ቁጥር አይቼ የፕሮግራሙን ፍጥነት በዚያው ልክ ቀነስኩ። የእኛው ሳጥን እንዲሆን ሆን ብዬ ማሳሳት ነበረብኝ።

በማግስቱ ወንድሜ ከሚስቱና ከልጁ ጋር መጣ። ጓዳው ስለሚጠብ ላፕቶፑን ባንኮኒው ጫፍ ላይ አስቀመጥኩት። ይህን ሳደርግ ሰው እንደሚሰበሰብ አውቄያለሁ። ሁለት ጎረቤቶች፣ አንድ ስኳር ሊገዛ የመጣ የባጃጅ ሹፌር፣ የወንድሜ ልጅ ከነጓደኞቿ ከበቡን። አባቴ ጀርባውን ሰጥቶን ዕቃ ይደረድራል።

የመጀመሪያው ድንጋይ አፏጨ። ወንድሜ ማርሹን አላንቀሳቀሰም፤ ዝም ብሎ እስከ መጨረሻው አዳመጠው።

«ጉንፋኑ ተመልሶበታል» አለ። «የት አገኘሽው?»

ድምፄን ዝቅ አድርጌ ኦቦ ራዲዮ የነገሩኝን ነገርኩት።

«የወፈረው ከጥገናው በኋላ እንደሆነ አውቅ ነበር» አለ። «አባዬ መሆኑን ነው ያላወቅሁት።» ፊቱን አባቴ ወዳለበት አቅጣጫ መለሰ። አባቴ የሳሙናውን መደዳ እያፈረሰ እንደገና ይደረድረው ነበር።

ጨዋታውን ጀመርን። የባጃጁ ሹፌር አንገቱን አስግጎ ያያል።

«እሷ ምኑ ናት?» ብሎ ጎረቤታችንን ጠየቀ።

«ወያላዬ ናት» አለ ወንድሜ፣ ፊቱን ሳያዞር። ሰዎቹ ሳቁ። እሱም ሳቀ። ወደ እኔ ዘንበል ብሎ «አትጩሂ። እንደ ድሮው» አለኝ።

ፊቴ ልክ እንደዚያ ቀን ጋለ። ድንጋዩ በግራ በኩል እየወረደ ነበር።

«ቢታ» አልኩ።

ተበተነ። «ሚርጋ» አልኩ። «ሚርጋ። ቢታ።» ከስንተኛው በኋላ እንደሆነ አላውቅም፣ ፊቴ መጋሉን ረሳሁት። መሃል ላይ መብራት ጠፋ። ፍሪጁ ዝም አለ፤ ሁሉም «ውይ» አሉ፤ ላፕቶፑ ግን በባትሪው ቀጠለ። ወንድሜ ሌላ ድምፅ ሁሉ በመጥፋቱ ደስ እንዳለው ከትከሻው አወቅሁ።

«ስንት ቀረን?» አለ።

እጄን ዘርግቼ የፓስታውን ካርቶን ገፋ አደረግሁና ከኋላው የተጻፈውን የመጨረሻውን ቁጥር አየሁ። «አሥር ድንጋይ ያህል» አልኩ፤ የባጃጁ ሹፌር ሳይቀር እንዲሰማው አድርጌ።

ሰባቱን መታ። ስምንተኛው በቀኝ ወረደ። «ሚርጋ» አልኩ፤ በጊዜው ነው ያልኩት። ወንድሜ ማርሹን ከሚገባው በላይ ገፋው፤ መንኮራኩሯ ድንጋዩን አልፋ ሄደችና ተመልሳ ሳትደርስ ፈነዳች።

ልጆቹ ጮኹ። እኔ ወንድሜን አየሁት። ማርሹን አልለቀቀም። ትከሻው እየተንቀጠቀጠ ይስቃል።

«ነግረሽኝ ነበር» አለ። «እጄ ነው የቀደመኝ። ይሄኛው የእኔ ጥፋት ነው።» ከዚያ ሌሎቹ በማይሰሙት ድምፅ «ያኛው ያንቺ ነበር» አለኝ።

«አዎ» አልኩ።

«ዘጠኝ ዓመትሽ ነበር።»

«አዎ።»

«እሺ» አለ። «ከመጀመሪያው ጀምሪልኝ።»

ባትሪው እስኪያልቅ ተጫወትን። ክብረ ወሰኑን አላለፍነውም፤ ለሚቀጥለው እሁድ ተቃጠርን።

በዚያ እሁድ ጠዋት ሱቁን የከፈትኩት እኔ ነኝ። የጥቁሩ መደርደሪያ የላይኛው ክፍል ባዶ ነበር። የፓስታው ካርቶኖች ወለሉ ላይ ተደርድረዋል፤ ጣውላው በእርጥብ ጨርቅ ተወልውሏል፤ የድሮዎቹ ስሞች ነጭ ሆነው ይነበባሉ። አባቴ ከኋላዬ መጣ።

«ፓስታውን ምን አደረግኸው?» አልኩት።

«አይጥ ወጥቶበት ነው» አለ። መጋረጃውን ሰብስቦ ወደ በረንዳው ወጣ።

ከመጨረሻው ስም በታች፣ ባዶው ጥቁር ጣውላ ፊት፣ ክዳኑ ያልተከፈተ አንድ አዲስ ፍሉድ ቆሞ ነበር።